ማይክሮፎኑ የማን ነው?

በጧት በአንድ ተማሪ ቤት አጥር አጠገብ ያለፈ ሰው ከደወሉ ቀጥሎ የሚሰማው ከምሰሶ ጫፍ ላይ የተሰቀለውን የድምፅ ማጉያ ነው። ይህን መሣሪያና በስሙ የተቋቋመውን ክበብ የአገራችን ተማሪ «ሚኒ ሚዲያ» እያለ ይጠራዋል። አንድ ማይክሮፎን፤ አንድ አምፕሊፋየር፤ መለከት የመሰሉ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ማጉያዎች፤ ከእነዚህም ጋር አንዲት ጠባብ ክፍልና የክፍሏ ቁልፍ፤ የተማሪዎች ሬዲዮ ጣቢያ ማለት ይኸው ነው። ድምፁ ከአጥሩ ብዙ ርቆ አይሄድም፤ ዋጋውም ከአንድ የስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ ዋጋ የሚበልጥ አይመስለንም። ይህም ሆኖ ስለ ትምህርታችን ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ታላቅ ጥያቄ በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። ጥያቄውም፤ ማይክሮፎኑ የማን ነው? የሚል ነው።

«የተማሪ ቤቱ ንብረት ነው» ብሎ የሚመልስልን አይጠፋም። እኛ ግን የምንጠይቀው ስለ ንብረት መዝገቡ አይደለም። በማይክሮፎኑ የሚናገረው ማን ነው? የሚነገረውንስ የሚመርጠው ማን ነው? ማለታችን ነው። በየቦታው እንዳየነው ከሆነ መልሱ አጭር ነው። ጧት በሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ላይ ርእሰ መምህሩ ትእዛዝ ያነብቡበታል፤ ዘግይተው የመጡትን ይገሥጹበታል፤ በዕረፍት ሰዓት ዘፈን ይለቀቅበታል፤ ከወረዳ እንግዳ በመጣ ቀን ደግሞ አንድ ተማሪ ተመርጦ መምህሩ የጻፉለትን ወረቀት ያነብበታል። ክበቡ የተማሪዎች ይባላል እንጂ ተማሪው በክበቡ ውስጥ ያለው ሥራ ገመድ መቀጠልና መለከቱን ከዝናብ ማዳን ነው። ይህ ሬዲዮ ጣቢያ አይደለም፤ የአዋጅ ነጋሪ ነጋሪት ነው።

ይህ ልማድ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ሬዲዮ ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ንግግሩ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ኖሯል። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ከደጅ በደረሰ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ጣቢያ ድምፃቸውን ለውጭው ዓለም አሰምተዋል፤ ያ ንግግር ስለ አገር ነጻነት የተነገረ ነውና እናከብረዋለን። ከዚያ በኋላ በትምህርት ሬዲዮ አማካይነት ትምህርቱ በአየር እየተላከ ወደየክፍሉ ገባ፤ መምህር ለጎደለበት ገጠር ጥቅሙ ብዙ ነበርና ይህንንም አንነቅፍም። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ደግሞ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ደረሰ። እኛም የዚያ ዘመን ተማሪዎች ነን። በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ጥቂት ዝም ይላል፤ ከዚያም ማንም ሳይመልስለት «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። መብራት ቢጠፋም እርሱ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ እኛ ግን ከጨለመው መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጠን እንቀር ነበር።

እንግዲህ ሬዲዮውም ፕላዝማውም ወደ ተማሪው የመጡ ናቸው። ከተማሪው የሚነሣው አንድ ሚኒ ሚዲያ ብቻ ነበር። እርሱንም ወስደን እንደ ሌሎቹ ተናጋሪ ብቻ እንጂ ሰሚ ያልሆነ ብናደርገው፣ ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርቱ ውስጥ በገዛ ቃሉ በሕዝብ ፊት የሚናገርበት ቦታ ከወዴት ያገኛል?

ክርክራችን ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ እንዳይመስል አንድ ነገር እናውሳ። በመካነ ሰላም አቅራቢያ፣ ስሙን በማናነሣው አንድ ተማሪ ቤት ስንማር የክበቡ አባሎች ነበርን። የቦረናን ደጋ የሚያውቅ ሁሉ የጧቱን ብርድ ያውቃል፤ በምዕራብ በኩል አገሩ በገደል ወደ ዓባይ በረሓ ይወርዳል፤ ከደሴ የተነሣ ጋዜጣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወሬው አርጅቶ ነበር። ስለዚህ የሰፈራችንን ወሬ ራሳችን ለቅመን፣ ጽፈን፣ አርመን በዕረፍት ሰዓት እናነብብ ነበር። የገብስና የባቄላ ዋጋ በገበያ ስንት እንደ ዋለ፣ የትኛው ወንዝ ሞልቶ ተማሪ እንዳስቀረ፣ በደንቆሮ ደን ውስጥ ቀይ ቀበሮ ማን እንዳየ እንናገራለን። ይህንን ወሬ ከአዲስ አበባ የሚነግረን ጣቢያ አልነበረም።

በአንድ የጥር ወር፣ ሠርግ በበዛበት ሰሞን፣ ከአባሎቻችን አንዲቱ «ባዶው ዴስክ» የሚል አጭር ጽሑፍ አነበበች። ጽሑፉ የማንንም ስም አይጠራም። ከዘጠነኛ ክፍል አንዲት ተማሪ መቅረቷን፣ ደብተሯ በጓደኛዋ እጅ መቆየቱን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በቦታዋ የተቀመጠ አለመኖሩን ብቻ ይናገራል። ሲጫወት የነበረው ተማሪ ሁሉ ጸጥ አለ። በማግስቱ አንድ ወላጅ ተቈጥተው መጡ፤ በሦስተኛው ቀን የክፍሏ ቁልፍ ከእጃችን ወጥቶ ወደ ቢሮ ገባ። ከዚያ ወዲያ ተማሪ ቤቱ ለክረምት እስኪዘጋ ድረስ በመለከቱ የሰማነው ትእዛዝና ዘፈን ነው። በዚያው ዓመት ሌሎች ሁለት ቦታዎች ባዶ ቀሩ፤ ስለ እነርሱ ግን አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም።

ያች ልጅ ምን አጠፋች? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላሉ። እርሷ የተናገረችው ሕጉ በወረቀት የሚናገረውን ነው፤ ልዩነቱ ሕጉ የማይታየውን ባዶ ቦታ ማሳየቷ ብቻ ነው። ቁልፉን የወሰዱትን ሰውም ክፉ ናቸው ብለን አንፈርድም። የተቈጣ ወላጅ በአንድ ወገን፣ «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ የበላይ በሌላ ወገን ሲመጣባቸው ቀላሉን መንገድ መረጡ። የእኛ ጠብ ከሰውዬው ጋር ሳይሆን ያን መንገድ ቀላል ካደረገው ልማድ ጋር ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒዎቻችን ወደሚያቀርቡት ምክንያት እንመለስ፤ ሳይሰሙ መርታት ሙግት አይባልምና።

የመጀመሪያው ምክንያት «ልጅ የሚናገረውን አያውቅም፤ ማይክሮፎን ቢሰጡት ሰው ይሰድባል፤ ነገር ያበላሻል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ያልተማረ ይሳሳታል። ነገር ግን አባቶቻችን ይህን ችግር ያሸነፉት ልጁን ዝም በማሰኘት አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም የተጣመመውን ያቀናሉ፤ የጎደለውን ይሞላሉ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ቆጥሮ እንዲመጣ ያዝዙታል። ስለ ተሳሳተ ከጉባኤው አያስወጡትም። በወሎ ሼሆች ዘንድም ደረሳው የቀራውን በሼሁ ፊት እያሰማ ይታረማል። በሁለቱም ቤት የመምህሩ ሥልጣን በማረም ነው፤ ተማሪውን ተክቶ በመናገር አይደለም። ዘመናዊ ነኝ የሚለው ተማሪ ቤታችን ከቅኔ ቤቱና ከመስጊዱ ጓሮ በዚህ ነገር ወደ ኋላ መቅረቱ ያሳፍረናል።

ከባሕር ማዶ ምስክር ለሚሻም ምስክር አለን። ሴለስተን ፍሬኔ የተባለ ፈረንሳዊ የገጠር መምህር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባውን ቆስሎ ነበርና በክፍል ውስጥ ብዙ መናገር ይከብደው ነበር። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት በክፍሉ ውስጥ ትንሽ ማተሚያ አቁሞ፣ ልጆቹ ያዩትንና ያሰቡትን ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ፊደል ለቅመው እንዲያትሙ አደረገ። የታተመውንም ሩቅ አገር ላሉ ተማሪዎች እየላኩ የእነርሱን ይቀበሉ ነበር። ድምፁ የደከመበት መምህር ለልጆቹ ድምፅ ሰጠ። ድምፃቸው ያልደከመባቸው የእኛ መምህራን ይህን ማድረግ እንዴት ይሳናቸዋል?

ሁለተኛው ምክንያት የፈተና ነገር ነው። «ተማሪው ወድቆ እያለ ስለ ሬዲዮ ታወራላችሁን?» ይሉናል። ውድቀቱን አንክድም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3 ነጥብ 2 ብቻ። እነዚህን ቊጥሮች ያየ ሰው ሊያለቅስ ይገባዋል። ነገር ግን እናስተውል፤ ያን ጊዜ የወደቁት ተማሪዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ያዳመጡ እንጂ የተናገሩ አይደሉም። በማዳመጥ ብቻ ዕውቀት የሚገኝ ቢሆን ኖሮ እነርሱን የሚያህል ዐዋቂ ባልተገኘ ነበር። የሁለት ደቂቃ ወሬ ለማንበብ ልጁ መጠየቅ አለበት፤ ሰምቶ መጻፍ አለበት፤ ረጅሙን ማሳጠር፣ ፍሬውን ከገለባው መለየት፣ ቊጥሩን መቊጠር፣ ያነበበውን ሰው እንዲገባው አድርጎ ማሰማት አለበት። ይህ ሁሉ ከትምህርት የሚያዘናጋ ነገር ከሆነ ትምህርት የሚባለው ምኑ ነው?

ይህን የምንለው በሥራ ዓለም ያየነውን ስለምናውቅ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲደረግ «አስተያየት ያለው?» ይባላል፤ አዳራሹ ዝም ይላል። ስብሰባው ካበቃ በኋላ ግን በኮሪደሩና በሻይ ቤቱ የማይናገር የለም። ጉድለቱን አስቀድሞ ያየው ሠራተኛ በስብሰባው ላይ አይናገርም፤ ሥራው ከተበላሸ በኋላ «እኔ ዐውቄው ነበር» ይላል። ይህ ሰው ፈሪ ሆኖ አልተወለደም። በተማሪ ቤት ሳለ ቁልፉ ወደ ቢሮ ሲገባ ያየ ልጅ ነው። አገር ስለ ጉድለቷ በጊዜው የሚነግራት ሰው የምታጣው በዚህ መንገድ ነው።

ለወሎ ሰው ደግሞ የዝምታ ዋጋ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ረኃብ የወሎን ሕዝብ ሲፈጅ ነገሩ ተሸፋፍኖ ነበር። ወደ ስፍራው የሄዱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያመጡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ አሳዩ፤ ተማሪዎችም ጮኹ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው ዓለም የሰማው። ሰው ያለቀው በወሎ፤ የተነገረው በለንደን። በመካከሉ ያለፉት ወራት በነፍስ ይቈጠራሉ። ያን ጊዜ በየወረዳው ያየውን በግልጥ የሚናገር፣ ሲናገርም የሚሰማው ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ያህሉ ይተርፍ እንደ ነበር እግዚአብሔር ይወቀው። የተማሪ ቤት ሬዲዮ ረኃብ ያስቀራል አንልም፤ ያየውን ለመናገር የለመደ ሰው ግን ያስገኛል እንላለን።

ሦስተኛው ምክንያት «ጊዜው አስቸጋሪ ነው» የሚለው ነው፤ ይህን በቀላሉ አናየውም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ ብዙ ተማሪ ቤቶችም ተዘጉ። በእንዲህ ያለ ወራት ወሬ ከሰው ቀድሞ ይሮጣል፤ ያልሞተውን ይገድላል፤ ያልመጣውን ያመጣል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋጫል። ታዲያ ለዚህ መድኃኒቱ ማይክሮፎኑን መቈለፍ ነውን? ማይክሮፎኑ ቢቈለፍ ወሬው አይቈለፍም። «ማን አየ? መቼ አየ? ስንት ነበሩ? አንተ ራስህ አየህ ወይስ ሰማህ?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ተማሪ ወሬ በቀላሉ አይነዳውም። ይህን ልማድ በማስታወቂያና በስብከት አናገኘውም፤ የሚገኘው በየሳምንቱ ወሬ ለቅሞ፣ ከማንበቡ በፊት አጣርቶ፣ በተሳሳተ ጊዜ በዚያው ማይክሮፎን «ትናንት ያልነው ስሕተት ነበር» ብሎ በማረም ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ ሐሳቡን የመግለጽ፣ ወሬ የመጠየቅና የማካፈል መብት እንዳለው ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533ም ሆነ እርሱን የተካው የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የማኅበረሰብ ሬዲዮን ያውቃሉ። በዚሁ ሥርዓት መሠረት ጅማ ዩኒቨርሲቲና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አቋቁመዋል። በኤፍ ኤም ለመናገር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአጥር ውስጥ ለሚሰማ ድምፅ ማጉያ የሚያስፈልገው ግን የአንድ ርእሰ መምህር በጎ ፈቃድ ነው። የአገር ሕግ የፈቀደውን የአንዲት ክፍል ቁልፍ ሊከለክለው አይገባም።

አራተኛውና የመጨረሻው ምክንያት «ገንዘብ የለም፤ መብራትም የለም» የሚል ነው። መብራት ሲጠፋ ጽሑፉ በሰልፉ ፊት በባዶ ድምፅ ይነበብ፤ ፍሬ ነገሩ በወረቀቱ ላይ እንጂ በኤሌክትሪኩ ላይ አይደለም። ለመቅጃም በአንድ መምህር ኪስ ያለው ስልክ ይበቃል።

እንግዲህ ነቅፈን ብቻ እንዳንቀር መሆን ይገባዋል የምንለውን እንናገር። የክፍሏ ቁልፍ ተማሪዎች ራሳቸው በመረጧቸው አዘጋጆች እጅ ይሁን፤ ከአዘጋጆቹም እኩሌታው ሴቶች ይሁኑ። አንድ መምህር አማካሪ ሆኖ ይመደብ፤ ጽሑፉን ሳይነበብ አስቀድሞ ይይ፤ ያርም፤ ተማሪውን ተክቶ ግን አይጻፍ። የሚያስቀረው ጽሑፍ ካለ ምክንያቱን በደብተር ላይ ጽፎ ይፈርምበት፤ ምክንያቱን መጻፍ ያሳፈረው ሰው ጽሑፉን ማስቀረትም ሊያሳፍረው ይገባልና። የግለሰብን ነውር በስም መጥራት የተከለከለ ይሁን፤ የተነካ ሰውም መልስ እንዲሰጥ በዚያው ሰዓት ቦታ ይሰጠው። የርእሰ መምህሩ ትእዛዝ የራሱ ጥቂት ደቂቃ ይኑረው፤ ዘፈኑም የራሱ፤ የቀረው ሰዓት የልጆቹ ይሁን። የመካነ ሰላም ልጆች የቀዱትን ለከላላና ለወግዲ ልጆች ይላኩ፤ የእነርሱንም ይቀበሉ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ተማሪዎቹ በሳምንት አንድ ቀን ወርደው ታናናሾቻቸውን ጽሑፍ ቢያርሙላቸው ምን ይጎድልባቸዋል?

ክቡራን ርእሳነ መምህራን፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እንደ ክስ አትቊጠሩብን። የእናንተ ጭንቀት ብዙ እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። የማይክሮፎኑ ፊት ወደ ድምፅ ማጉያው የዞረ እንደ ሆነ መሣሪያው ከመለከቱ የወጣውን የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል፤ የሰማውን ያጎላል፤ ያጎላውን ደግሞ ይሰማል፤ በመጨረሻም ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ይጮኻል። ይህ የሚሆነው መሣሪያው ስለ ተበላሸ አይደለም። መድኃኒቱም መሣሪያውን መዝጋት አይደለም፤ ማይክሮፎኑን ወደ ሰው ማዞር ነው።

በዚያ ተማሪ ቤት ዛሬም የጥር ወር ይመጣል። ባዶ የሚሆን ዴስክ ቢኖር አይቶ የሚናገር ልጅ አይጠፋም። ቁልፉን ስጡት።